ዳክዬዋ ትውደቅ

የእኛ ዕድሜ ወላጆች ነገር ለእኔም አይገባኝም። ልጅ ሳለን በጨዋታ ሰበብ ያልተገረፈ ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። ከኪስ የተገኘ ብይ ጣሪያ ላይ ይወረወር ነበር። ቆርኪ ሲሰበስብ የታየ ልጅ «መጨረሻህ ጠጅ ቤት ነው» ይባል ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስትዘል ጆሮዋን ተይዛ ወደ ደብተሯ ያልተጎተተች ሴት ልጅ ካለች አሳዳጊዎቿ ገር ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ ያው እኛው ጨዋታ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እንዞራለን፤ ከፍለን እናመጣለን፤ ልጁ ታብሌቱን ጥሎ መስኮት ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ «ና ቁጭ ብለህ ተጫወት!» ብለን እንቆጣለን።

ያገላበጠን «ትምህርታዊ» የምትባል ማዕረግ ናት። ይህች ማዕረግ የተለጠፈችበት ጌም የወላጅን ሕሊና ያሳርፋል። ልጁ ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ ሲውል ቡናችንን በሰላም እንጠጣለን፤ እንግዳ ቢመጣም «እያጠና ነው» እንላለን። የአምስት ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው በእንግሊዝኛ «ራስህን አስተዋውቅ» የሚሉ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ከተማ ይህ የሚፈረድበት ነገር አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ ማዕረጉ የተጻፈው ለሚጫወተው ልጅ አይደለም። ልጁ ማንበብ አይችልም። የተጻፈው ለሚከፍለው ሰው ነው።

እኛ ቤት ታብሌት የገባው ከሜሪላንድ ነው። እህቴ ለሚጣ (ልጄን ለዚህ ወግ ሚጣ እንበላት፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ሁለት ናት) በሰው ሻንጣ፣ በቫይታሚንና በስኒከር ጫማ መካከል ሸጉጣ ላከችላት። ትምህርታዊ ጌሞቹን እዚያው ጭናበታለች። የመጀመሪያው እርሻ ላይ የሚካሄድ ቆጠራ ነው፤ አጥር አለ፣ ጭቃ አለ፣ ጭቃው ውስጥ የሚንከባለሉ ሮዝ መልክ ያላቸው ፍጥረታት አሉ። አንድ እጅግ ደስተኛ ሰውዬ ስንት እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። እናቴ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ በልጅቷ ትከሻ ላይ አጎነበሰች።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ፒግ ናቸው እማማ። ሰባት!»

«ምን?»

«አሳማ።»

«በስመ አብ ወወልድ!» አማተበች። «ሌላ የሚቆጠር ከብት አጡ? በግ የላቸውም?»

«በጉ ተቆልፏል» አለች ሚጣ፣ ከታች ያለችውን የቁልፍ ምልክት በጣቷ እያሳየቻት። «በጉን ለማግኘት መክፈል አለብን።»

እናቴ ጌሙ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። «እሱስ እውነታቸውን ነው፤ በግ የት ይቀመሳል» ብላ ወደ ረከቦቷ ተመለሰች።

ከአሳማው ቀጥሎ ራኩን መጣ፤ ከዚያ የበረዶ ሰውዬ፤ ከዚያ በርሜል የምታህል ብርቱካናማ ዱባ። ሚጣ ራኩንን ድመት ነው ብላ ቆጠረችው፤ ደስተኛው ሰውዬ ግን ድመቶችን ለብቻ ቁጠሪ አላት። እዚህ ላይ ልጅቷ ቁጥር ነው ያቃታት ወይስ የሰሜን አሜሪካ አራዊት? ካቲ ኸርሽ ፓሴክ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው) ባወጣችው ጽሑፍ ትምህርታዊ ነኝ የሚል አፕ በአራት ነገር ይመዘን ብላለች፦ የልጁን አእምሮ ያሠራል ወይ? ሐሳቡን ሳይበታትን ያቆየዋል ወይ? ልጁ ከሚያውቀው ሕይወት ጋር ይገናኛል ወይ? ከሰውስ ጋር ያነጋግረዋል ወይ? የእህቴ እርሻ በሦስተኛው ወደቀ። በአራተኛው ግን ማለፊያ ውጤት ነው ያገኘው፤ በአሳማው ምክንያት ቤታችን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያወራ ዋለ፣ ጎረቤትም ገባበት።

ከዚያ በኋላ ነው ያገር ቤት ነገር ልፈልግ ብዬ መገናኛ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ የወረድኩት። ሻጩ ልጅ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቷል፣ ከፊቱ የተፈታ ስልክ ተበታትኗል።

«ለሕፃን የሚሆን ትምህርታዊ ጌም ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ሞልቷል ጋሼ! ስንት ጊጋ ይሁንልህ?»

በኪሎ የሚሸጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ ማሳየት ጀመረ። ይሄ ሒሳብ ነው፣ ይሄ ስፔሊንግ ነው፣ ይሄ ደግሞ... ስክሪኑ ላይ አንድ ፈርጣማ ሰው ሌላውን ሰው በኮሌታው ይዞ ከመኪናው አውጥቶ ወረወረውና መኪናውን አስነስቶ መብራት ጥሶ በረረ።

«ይሄ ምን ያስተምራል?»

«መንዳት» አለ፣ ፊቱ ላይ አንዳች የእፍረት ምልክት ሳይታይ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፦ «ካርታ ማንበብም አለው።»

በልጁ አልፈርድበትም። ትልልቆቹም ያደርጉታል። አሜሪካ ውስጥ በ2016 «ሉሞሲቲ» የተባለውን የአእምሮ ማጎልበቻ ጌም የሚሸጠው ኩባንያ፣ ጌሙ በትምህርትና በሥራ ውጤታማ ያደርጋል፣ የመርሳትንም ነገር ያዘገያል ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ አስተዋውቋል ተብሎ ተከሶ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የመገናኛው ልጅ ቢያንስ መንዳት ብቻ ነው ያለው።

ትምህርትን በጨዋታ ማስገባት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዶን ራዊች የሚባል ተለማማጅ የታሪክ መምህር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር «ኦሪገን ትሬይል» የሚባል ጌም ሠራ። ስክሪን እንኳ አልነበረውም፤ ማሽኑ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር ልጆቹን የሚያናግራቸው። ነገሩ በ19ኛው መቶ ዘመን በበሬ በሚጎተት ሠረገላ አሜሪካን አቋርጠው ወደ ምዕራብ የሄዱትን ስደተኞች መሆን ነው። ስንቅ ትገዛለህ፤ ስንቁን ካሳነስክ መንገድ ላይ ትራባለህ፤ ጥይቱን ካበዛህ ለልብስ ገንዘብ ያጥርሃል፣ ብርድ ይገባሃል። ሕፃናቱ የታሪክ ትምህርት እየተማሩ መሆናቸውን ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም፤ ሞተው ያዩታል። በ1985 የወጣው «ካርመን ሳንዲዬጎ የት ናት?» ደግሞ ከነመጽሐፉ ነበር የሚሸጠው። ሌባ በዓለም ዙሪያ ታሳድዳለህ፤ ሌባው ገንዘቡን ወደ እንዲህ ያለ ገንዘብ መነዘረ ከተባልክ የማን አገር ገንዘብ እንደሆነ ለማወቅ የዓለም አልማናክን ትገልጣለህ። ልጅን ከኮምፒውተር አስነስቶ መጽሐፍ የሚያስገልጥ ጌም! ዛሬ እንዲህ ያለውን ማንም አይሠራም፤ ልጁ ከስክሪኑ ዓይኑን ከነቀለ ማስታወቂያውን ማን ያይለታል?

ከእነዚህ ጎን ግን ሌላ ዘር አለ፤ እሱ ነው የበዛው። ሦስት ሲደመር አራት ስንት ነው ይልሃል፤ ሰባት ስትል አንድ ጭራቅ እንድትተኩስ ይፈቅድልሃል። ከዚያ ሌላ ሒሳብ፣ ከዚያ ሌላ ጭራቅ። ይህ በማር የተለወሰ ኮሶ ነው፤ ልጁ ማሩን ልሶ ኮሶውን የሚተፋበትን ዘዴ ለማግኘት ብዙ አይፈጅበትም። ሒሳቡን አውጥታችሁ በቦታው የአገር ዋና ከተማ ብትተኩበት ጨዋታው አንዳች ነገር አይጎድልበትም፤ ጭራቁም ልዩነቱን አያውቅም። ከኦሪገኑ ጌም ግን ስንቁን አውጡና ምን እንደሚቀር እዩ።

አሁን ወደ ዳክዬዋ እንምጣ።

ሚጣ ከእርሻው ቀጥሎ የወደደችው ጌም አለ። ኩሬ ዳር ዳክዬዎች ይደረደራሉ፤ ስንት ናቸው ይባላል፤ ከታች አራት ቁጥር ይቀርባል። ልኩን ከነካች አንዲት ኮከብ ብልጭ ትልና ደስተኛው ሰውዬ (ወይም ወንድሙ) «ጉድ ጆብ!» ይላል። ከሳተች ግን መጨረሻ ላይ የቆመችው ዳክዬ መንገዳገድ ትጀምራለች። ክንፏን ታርገፈግፋለች፣ የጎረቤቷን ጭራ ልትይዝ ትሞክራለች፣ አልሆን ይላትና በአፍጢሟ ኩሬው ውስጥ ጧ! ውሃው ስክሪኑን ከውስጥ በኩል ይረጨዋል። ከዚያ ዳክዬዋ እርጥብ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ በትዝብት ታያለች።

ጌሙ ለወላጅ ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱን ስንከፍተው ቀይ በቀይ ነው። ባለቤቴ ደነገጠች። «ልጅቷ መቁጠር አትችልም እኮ! ቲቸሯ እስከ ዛሬ ምንም አላለችንም?» ትምህርት ቤት ልንሄድ፣ አስጠኚ ልንፈልግ፣ ዓይኗን ልናስመረምር ስንመካከር እናቴ ከጓዳ ተጣራች።

«ሚጣ፣ እናቴ፣ ሰባት ሽንኩርት አምጪልኝ እስቲ።»

ሚጣ ሰባት ሽንኩርት በቀሚሷ ታቅፋ ሄደች። አንዱ ጫፉ የለሰለሰ ነበርና ራሷ አይታ መልሳ ቀየረችው።

«ሁለቱን መልሺ። ስንት ቀረኝ?»

«አምስት።»

ባለቤቴ ታብሌቱን አንስታ ተከተለቻት። «ታዲያ እዚህ ሰባቱን ዳክዬ ለምንድን ነው ሦስት ያልሽው?»

«እንድትወድቅ ነዋ!» አለች ሚጣ፣ ይህን ያህል ማስረዳት ያስፈልጋል ወይ በሚል ዓይን እያየችን።

ሪፖርቱን እንደገና ብናየው በእርግጥም የሚያኮራ ሪፖርት ነበር። አራት ምርጫ ባለበት እንዲያው የሚነካካ ልጅ ከአራቱ አንዱን መምታቱ አይቀርም። ከላይ እስከ ታች አንዱንም ሳይመልሱ ለመውጣት ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ልጄ ዳክዬዎቹን ቆጥራ፣ መልሱን ለይታ፣ እሱን ብቻ ጠንቅቃ ትዘለው ነበር። ይህን ያህል ቆጠራ የተማረችው ከጌሙ ይሁን ከሽንኩርቱ ግን ሪፖርቱ አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ ጌም እንድመርጥለት የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ስሙን አላይም፣ ኮከቡን አልቆጥርም፣ «ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት» የሚለውንም አላነብም። ከፍቼ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። ስሳሳት ከሚያስቀው በላይ ልክ ስሆን ካላሳቀ ጌሙ የሚያስተምረው መሳሳትን ነው። ስሳሳት ምንም ካልሆነ፣ አራቱንም ቁጥር በተራ ነካክቼ አራተኛው ላይ ያው «ጉድ ጆብ» ከተባልኩ፣ የሚያስተምረው መነካካትን ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሳተን ልጅ በጥሩምባ ያስደነግጣል፤ እሱን ሚጣ ራሷ ዘግታ ትወጣለች፣ የእኔ ምርመራ አያስፈልገውም።

በዚህ መለኪያ እናቴ ታብሌት ከሚያመርቱት ሁሉ ትበልጣለች። መብራት በጠፋ ቁጥር እንቆቅልሽ ትጀምራለች። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ይባባላሉ፤ ጥያቄው ይመጣል። ሚጣ ካላወቀች አገር መስጠት አለባት። የምታውቃቸው አገሮች ጥቂት ስለሆኑ መጀመሪያ ጎንደርን ትሰጣለች፣ ቀጥሎ ሜሪላንድን። እናቴ ሜሪላንድን ከተቀበለች በኋላ እዚያ ሄዳ ምን በልታ ምን ጠጥታ እንደመጣች፣ ሚጣን ደግሞ ምን ላይ አስቀምጣት እንደመጣች ስትዘረዝር ልጅቷ በሳቅ ትንፈራፈራለች፤ ግን እየተሰደበች ነው፣ ታውቀዋለች። በሚቀጥለው ስታውቅ አገር የምትቀበለው፣ የምትሳደበው እሷ ናት። አያትን በሕግ መስደብ! ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች ደስታውን በየትኛው ወገን እንደሚያስቀምጡት ያውቁ ነበር፤ ሳቁ ለሁሉም አለ፣ ዙፋኑ ግን የሚያውቀው ዘንድ ነው። የዳክዬው ጌም ሠሪ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ዳክዬዋን የሚጥላት ልክ ሲመለስ ነበር።

የአማርኛ ፊደል ጌሞቻችንም በዚሁ ሊታዩ ይገባል። ካየኋቸው አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፦ ሀን ስትነኩ አንዲት ሴት «ሀ» ትላለች፤ ሁን ስትነኩ «ሁ» ትላለች። እስከ ፐ ድረስ መሄድ ይቻላል። ድምፅ የገባለት የፊደል ገበታ ነው፤ መሳሳት የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፣ ስለዚህ ጨዋታም የለውም። ልጁ ቅደም ተከተሉን በዜማ ይይዘዋል፤ ከመሃል አንዷን ፊደል ነጥላችሁ ብትጠይቁት ግን ከሀ ጀምሮ በሹክሹክታ እየዘመረ ነው የሚደርስባት።

ይህን ችግር የኔታ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁን የጨረሰ ልጅ በዜማ እንጂ በዓይኑ እንዳልያዘው ስለሚጠረጠር ወደ አቡጊዳ ይገባል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉ ሌላ ተራ ይዞ፣ እያንዳንዱም በሌላ አናባቢ ይመጣል፤ የሸመደደው ዜማ እዚህ አያድነውም፣ ዓይኑን ገልጦ ማየት አለበት። አለንጋው ይቅርና ይህ የተዋጣለት የጌም አሠራር ነው፤ አንዱን ደረጃ በማታለል ያለፈ ልጅ ሁለተኛው ላይ ይያዛል። የፊደል አፕ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ለደረጃ ሁለት ሐሳብ ካጠራቸው ሩቅ መሄድ የለባቸውም። ልጅን በራሱ ቋንቋ ማጫወት የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ ጠፍቶም አይደለም፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር የፈጠረቻት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው ፕሮግራም ያለችው ቀጭኔ በ2008 የጃፓንን የትምህርት ፕሮግራሞች ሽልማት እስከ መውሰድ ደርሳለች። ሚጣ ዛሬም ስታያት ትመልስላታለች፤ ቀጭኔዋ ጠይቃ ዝም ስትል ተራው የእሷ እንደሆነ ታውቃለች።

ስለ ምርጫ ካነሳን የወንጪና የወለንጪቲን ነገር መዝለል አይቻልም። በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በእነዚህ አካባቢዎች ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ፣ ትምህርት ቤትም ለሌላቸው ልጆች ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው አሽጎ አስቀመጠላቸው። በፀሐይ የሚሠራ ቻርጀር ተተከለ፤ አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያ ማጥፊያውን አገኘው። በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የኤቢሲ መዝሙር ይዘምሩ ነበር። ሰውዬው የራሳቸውን ሥራ ሲያወድሱ ስለሆነ ቁጥሩን በልኩ እንቀበለው። እኔን የገረመኝ የመጨረሻው ነው። ካሜራው በስህተት ተዘግቶ ነበር አሉ፤ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ታብሌቱን ሰብረው ገብተው ካሜራውን ከፈቱት። በባለሙያ ተመርጠው ከተጫኑት ትምህርታዊ ጌሞች ሁሉ መካከል ልጆቹ ለራሳቸው የመረጡት ትልቁ ጌም፣ ማንም ያልጫነላቸው፣ የተዘጋ ነገር መክፈት ነበር።

ሚጣም በበኩሏ የእህቴን የይለፍ ቁጥር አግኝታዋለች። እንዴት እንዳገኘችው አትናገርም። እኛ ካርድ የሚባል ነገር ከታብሌቱ ጋር ስላላገናኘን ጉዳቱ በበጉ ደረጃ ቀርቷል። በውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ግን ይጠንቀቁ፤ አፕል ኩባንያ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በጌም ውስጥ ለገዙት ዕቃ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ በ2014 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምቷል። ያ ሁሉ ገንዘብ የተቆለፈ በግና የመሰለው ነገር ዋጋ ነው። እዚህ አገር «ነፃ» የሚባለው ጌም የሚበላው ፓኬጅ ነው፤ ሁለት ዳክዬ በወደቀ ቁጥር አንድ ማስታወቂያ ይመጣል፣ መዝጊያዋ ኤክስ ደግሞ የሕፃን ጣት እንዳትመታት ሆና ከጥግ ተለጥፋለች። ስለዚህ ኢንተርኔት አጥፍታችሁ የማይሠራውን ጌም ገና ከሱቁ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት አይቀመጡ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ጭራሽ ባያዩ ይመረጣል ብሏል። እኛ ሰፈር ይህን መመሪያ መብራት ሲጠፋ በጥብቅ እናከብረዋለን።

ታዲያ ምን ጫንክላት ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ «ተክስ ፔይንት»፤ ቢል ኬንድሪክ በ2002 ለሕፃናት የሠራው መሳያ ነው፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ታብሌቱ ላይ «ስክራች ጁኒየር»፤ በ2014 የወጣ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ፣ ባለ ቀለም ቁርጥራጮች እየገጣጠሙ አንዲትን ድመት ማዘዣ ነው። ቁርጥራጮቹ ላይ ያለው ሥዕል እንጂ ቃል ስላልሆነ እንግሊዝኛ አይጠይቅም። ታላቅ ወንድሙ «ስክራች» ደግሞ አማርኛም ይችላል፤ ሚጣ ማንበብ ስትጀምር ይጠብቃታል። ስክራች ጁኒየር «ጉድ ጆብ» አይልም። ድመቷ ግድግዳ ከገጨች ሚጣ ስላዘዘቻት ነው፤ እንዳትገጭ ከፈለገች ራሷ ታስተካክላለች። አንድ ቀን ድመቷን ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ እያስሮጠች ስታስወድቃት አይቻለሁ። ለዚያ ግን ስንት እርምጃ እንደሚበቃ መቁጠር ነበረባት።

ባለፈው ሰሞን ከላይ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ታብሌት ይዞ ወረደ። ለልጁ ጌም እንድመርጥለት ፈልጎ ነው።

«ስንት ዓመቱ ነው አሁን?»

«ዓመት ከስምንት ወር።»

«ሁለት እንኳ አልሞላውም!»

«ለዚያ እኮ ነው፤ ሳይረፍድበት ብዬ።»

«ምን እንዲማርልህ ነው?»

«ኮዲንግ» አለ፤ ከዚያ ብዙ እንዳስቸገረኝ ተሰምቶት፣ «ባይሆን እንግሊዝኛ» አለ።

ስክራች ጁኒየርን ከፈትኩለትና ሚጣ እንድታሳየው አጠገቧ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ለይሉኝታ ያህል አየ። ከዚያ መነጽሩን አወጣ። ድመቷን አንድ እርምጃ አስኬደ፤ ሁለት አስኬደ፤ አዘለላት። እናቴ ያቀረበችለት ቡና ቀዘቀዘ። ሚስቱ ከላይ በደረጃው ሁለቴ ተጣራች።

«ለልጁስ?» አልኩት።

«ለልጁ ሁለት ዓመት ይሙላውና እናየዋለን» አለ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «ይልቅ ይቺ ድመት ወደ ኋላ የምትሄደው በየት በኩል ነው?»

«ሰማያዊዋን ይንኳት» አለች ሚጣ፣ ታብሌቱን ወደ ራሷ እየሳበች። «ግን ጋሼ፣ ተራዎት አልቋል።»